ለእናቴ የመረጥሁት ሄልሜት

እናቴ ልታገባ መሆኑን ያወቅሁት አልጋ ሥር ተኝቼ ነው። አልጋ ሥር የገባሁት እርሳሴ ተንከባልሎብኝ ነበር፤ እርሳሱን ካገኘሁ በኋላ ግን አልወጣሁም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ልጅ አጠገባችን የለም ብለው ሲያምኑ የሚያወሩት ወሬ ከከረሜላ ይበልጥብኛል። አርፌ መቀመጥ የማልችል፣ በየበሩ የምለጠፍ፣ አክስቴ ፋኢዛ "ይች ልጅ ጆሮ ብቻ ናት" የምትለኝ ዓይነት ልጅ ነበርሁ።

የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ፣ አክስቴ ቤት ነው። አባቴ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ስለሞተ መልኩን እንኳ አላስታውሰውም። ከዚያ ወዲህ እኔና እናቴ የምንተኛው በአንድ አልጋ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ነበር። የዚያን ዕለት እናቴና አክስቴ አልጋው ላይ ተቀምጠው ልብስ ያጣጥፋሉ፤ የአልጋው ሽቦ ከክብደታቸው የተነሳ አፍንጫዬን ሊነካኝ ትንሽ ነው የቀረው።

"ጀሚል ምን አለሽ?" አለች አክስቴ።

"ፊትሽን ካላዩ አይሆንም ይላል። መጀመሪያ ይዩሽ፣ ይልመዱሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው አለኝ።"

"ወላሂ እውነቱን ነው። ፊቱን ያላዩትን ሰው ማን እሽ ብሎ ይቀበላል?"

"ሽማግሎቹ ግን ከባድ ናቸው አሉ፣ ፋኢዛ። ፈራሁ።"

"አብሽሪ አቦ! አንችን አይቶ እንቢ የሚል ሽማግሌ አልተፈጠረም።"

እናቴ ሳቀች። ሽቦው ከላዬ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም ከሥር አብሬ ተንቀጠቀጥሁ።

የክፍል ጓደኛዬ ለይላ እናቷ ባገባች በሳምንቱ ነው ሐይቅ፣ አጎቷ ቤት የተላከችው። አንድ ደብተሯን ዴስኩ ውስጥ ረስታው ሄዳለች። መምህራችን ደብተሩን አንስተው "ይህን የሚያደርስላት አለ?" ብለው ሲጠይቁ ማንም እጁን አላወጣም።  ጀሚል የሚባል ሰው እናቴን ከወሰዳት እኔም ከነደብተሬ የሆነ ቦታ እላካለሁ ማለት ነው።

ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ነገሩ ሌላ እንደነበር ካወቅሁ ቆይቻለሁ። እናቴ ዙበይዳ የከብት ሐኪም ነበረች። በየቀኑ በሚኒባስ የሐረጎ ቁልቁለትን ወርዳ ኮምቦልቻ ቢሮ ገብታ ትውልና ማታ ትመለሳለች። በዚያ ዓመት ወደ ሐርቡ በኩል ባሉ አራት የገጠር ቀበሌዎች ተመደበች፤ ለሥራው አንድ ያማሃ ሞተር ሊሰጣት ሆነ። በዚያ ቢሮ ሞተር የሚሰጣት የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። የሙከራ ጊዜዋ ሦስት ወር ነው፤ ካልተሳካላት ሞተሩን የሚጠብቁ ወንዶች ተሰልፈዋል። ጀሚል አካባቢውን የሚያስረክባት የሥራ ባልደረባዋ ነው። ሽማግሎቹም የገበሬዎቹ ሽማግሎች ናቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ልረዳው እችል ነበር፤ ግን አልጋ ሥር ሆኖ የሰማ ሰው መጠየቅ አይችልም።

እሁድ ጠዋት ጀሚል ሞተሩን ይዞ ገራዶ ሜዳ ላይ ጠበቀን። እናቴ ልትለማመድ ነው። ጀሚል ቀጭን ነው፤ የፊት ጥርሱ ፍንጭት፤ ነጭ ሄልሜት አድርጓል፤ ሄልሜቱ ግንባሩንና ጆሮውን ይሸፍን እንጂ ፊቱ እንዳለ ይታያል። ከሩቅ ሲያየን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ሰላምታው ለእናቴ ብቻ የተሰጠ መሰለኝና ጠላሁት።

"ፍሪሲዮኑን ቀስ አርገሽ ልቀቂ... ቀስ! ቀስ በይ እንጂ!"

ሞተሩ እንደ ፍየል ዘለለና ጠፋ። እናቴ እግሯን መሬት ላይ አድርጋ ሳቀች። እንደገና አስነሳች፤ እንደገና ዘለለ፤ እንደገና ሳቀች። እናቴ ቤት ውስጥ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትይዛለች። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ሁለት እጇም መሪው ላይ ነው፤ ሳቋን የሚይዝላት አልነበረም። ያን ያህል ጥርስ እንዳላት አላውቅም ነበር። ጀሚልም ይስቃል። እኔ ከወዲያ ወዲህ እንቆራጠጣለሁ፤ ድንጋይ እመታለሁ፤ መጨረሻ ላይ "ሆዴን አመመኝ" አልሁ።

"ትንሽ ቻይኝ የኔ ዓለም፣ አንድ ዙር ብቻ" አለች እናቴ።

ጀሚል መጥቶ የሸንኮራ ቁራጭ ሰጠኝ። "ዊዳድ፣ እናትሽ ጀግና ናት፣ ታውቂያለሽ?"

"አንተ ሳትነግረኝም አውቃለሁ" አልሁት።

ከት ብሎ ሳቀ። ሸንኮራውን አጠገቤ ለምትግጥ ፍየል ሰጠኋት፤ እያየኝ ነው የሰጠኋት። ፍየሏ ስትበላ እሱና እናቴ ስለ ሄልሜት ማውራት ጀመሩ። ጀሚል ክፍቱን ግዥ፣ ዋጋውም ይሻላል ይላል። አገጭ ድረስ የሚዘጋው አይሆንሽም፣ እዚያ አገር ፊት ያላሳየ ሰው ከሰው አይቆጠርም ይላል። ስለ በቅሎም የሆነ ነገር አወራ፤ በቅሎ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ እንዲያ ያደርጋል። ስለ በቅሎው አልሰማሁም። "ፊት" የምትለዋን ግን አንድ በአንድ ሰማሁ።

ቅዳሜ ሄልሜት ልንገዛ ወጣን። ሰኞ ሞተሩን ትረከባለች፤ ያለ ሄልሜት አይሰጧትም፤ ቢሮው ደግሞ ሞተር እንጂ ሄልሜት የለውም። ደሴ በጉም ተሸፍኗል፤ የጦሳ ተራራ የለም፤ ከፒያሳ ወደ አራዳ የሚወርዱ ሰዎች ከጉሙ ብቅ ይሉና ተመልሰው ይጠፋሉ። እናቴ ትቸኩላለች። እጄን ይዛ ስትጎትተኝ ጫማዬ እየወለቀ ሁለት ጊዜ ቆምን።

የመጀመሪያው ሱቅ ያለው ዝግ ሄልሜት ብቻ ነው፤ ዋጋውን ሲነግሯት እናቴ "አላህ ይስጥልኝ" ብላ ወጣች። ሁለተኛው ሱቅ ክፍት ሄልሜቶች በገመድ ተንጠልጥለዋል። አንዱን አውርዳ በጣቷ አንኳኳችው፤ ባዶ ጀሪካን ሲመታ የሚወጣው ዓይነት ድምፅ አወጣ። "ይህስ ዝናብም አይከለክል" አለችና መለሰችው።

ሦስተኛው የጋሽ አራጋው መለዋወጫ ሱቅ ነበር። ጋሽ አራጋው መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። እናቴ የምትፈልገውን ስትነግራቸው መጀመሪያ ያወጡት ሄልሜት ሳይሆን የልብስ ሰፊ ሜትር ነው።

"ሻሽሽን እንዳታወልቂ" አሏት። "ሻሽሽን አድርገሽ ነው የምትነጂ፤ ከነሻሽሽ ነው የምለካሽ። አውልቀሽ ብትለኪ ነገ ይጠብሽና ታማርሪኛለሽ።"

ሜትሩን ከቅንድቧ ከፍ አድርገው ዙሪያውን ለኩ። ከመደርደሪያ አንድ ነጭ ክፍት ሄልሜት አወረዱ። የውስጡን ስፖንጅ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ቶሎ ሲመለስ አሳዩዋት። ማሰሪያውን አጠበቁላትና ከአገጯ ሥር ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ቦታ ተዉ። "አሁን ራስሽን ነቅንቂ። እንቢ የምትይ ምሰይ" አሉ። ነቀነቀች። ሄልሜቱ ከራሷ ጋር ሄደ፣ ከራሷ ጋር መጣ።

"ይህ ነው ልክሽ። ሦስት መቶ ብር። አገጭሽን አይከላከልም፤ እሱን ልዋሽሽ አልችልም። ግንባርሽንና ጆሮሽን ግን እመቤቴን፣ ይይዝልሻል። አንድ ጊዜ በኃይል ከወደቀ ደግሞ ደህና ቢመስልሽም ጣይው።"

ግድግዳው ላይ የሚሸጡ የሞተር መስታወቶች ተሰቅለዋል። እናቴ ወደ አንዱ ጎንበስ ብላ ራሷን አየች። ሻሿ ቡናማ ነው፤ ሄልሜቱ ነጭ ነው፤ በመሀል ፊቷ አለ። ፈገግ አለች። ለእኔ አልነበረም፤ ለጋሽ አራጋውም አልነበረም። በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ ለሆነ ሰው ፈገግ አለች፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

"ይህን አይደለም!" ብዬ ጮህሁ።

ሁለቱም ዞሩ። ጣቴን ወደ መደርደሪያው አነሳሁ፤ ጥቁር፣ አፍንጫና አገጭ የሚሸፍን፣ መስታወቱ የጠቆረ ዝግ ሄልሜት አለ። ማንም ቢያደርገው ሰው መሆኑ እንኳ አይታወቅም። "ያን ነው! ያን ግዥ!"

"ዊዱ፣ ምን ሆነሻል?"

ምን ልበላት? ፊትሽን እንዳያዩት ነው ልበላት? አፌ ላይ የመጣልኝን አልሁ። "እንዳትሞችብኝ! አባም ሞቷል። አንችም ብትሞችብኝስ?"

ይህን ስል እንባዬ መጣ፤ እንባው እውነተኛ ነበር፣ ምክንያቱ ግን ውሸት ነበር። እናቴ ሱቁ መሀል ተንበረከከች። ነጩ ሄልሜት አሁንም ራሷ ላይ ነው። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ ዓይኗ ቀልቷል። "አልሞትብሽም፣ ኢንሻ አላህ አልሞትብሽም" አለችኝ። እኔ ደግሞ እንደተሳካልኝ ገብቶኝ የበለጠ አለቀስሁ።

ጋሽ አራጋው ዝጉን አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ ግን እጃቸውን አላነሱለትም። "ልጅ ስትፈራ አይፈረድባትም" አሉ። "ግን ስሚኝ፤ ጥሩው ዝግ ካንች አቅም በላይ ነው። ይህ ርካሹ ነው፣ አምስት መቶ ሃምሳ። መስታወቱ በብሎን የታሰረ ነው፣ ወደ ላይ አይነሳም። ሰው ማነጋገር ስትፈልጊ መላውን ማውለቅ ነው። ጥሩ ክፍት ከመጥፎ ዝግ ይሻልሻል።"

እናቴ እኔን አየች። የዝናብ ልብስ መግዣ አድርጋ ለብቻ ቋጥራ የያዘችውን ብር ከመሀረቧ ፈታች። "መርሀባ፣ እሽ ጋሽ አራጋው። ልጄ ይህን ከመረጠችልኝ ይህን እወስዳለሁ።"

ወደ ሆጤ ስንመለስ ሄልሜቱን የተሸከምሁት እኔ ነኝ። ጉሙ ተገፎ ነበር። ደስ ብሎኝ እየዘለልሁ ነው የሄድሁት፤ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለእኔ ጥሩ ነበሩ። እናቴ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ትወርድና ሞተሩን ከቢሮ አንስታ ወደ ሐርቡ ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ በልግ ስለሆነ ልብሷ በስብሶ ነው። ሻሿ አንድ ጎኑ ላይ ይጣመማል፤ በሦስት መርፌ ቁልፍ ስታያይዘው አያለሁ። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ከበሩ መጋረጃ ኋላ ሆኜ የሰማሁት ወሬ ይህን ይመስላል፦

"ዛሬም ከብቶቹን ወደ ጫካ ነዱብኝ። ክትባቱን ይዤ ደርሼ አንድ ላም የለም። መሬት ሊለካ የመጣ ነው የመሰላቸው።"

"አንች መሆንሽን ሲያውቁስ?"

"ሳወልቅማ ያውቁኛል። ሳወልቅ ደግሞ ሻሼን ይዞት ይወጣል። ወንዶች ፊት ባዶ ራሴን... ያረቢ! በቀን ስንት ጊዜ እንደማወልቀው ብታይ።"

"እና ምናለ ብትለውጪው? ጋሽ አራጋው እሽ ይላሉ።"

"ልጄ እያለቀሰች የመረጠችልኝን? አላደርገውም።"

መጋረጃው ኋላ ሆኜ ጉልበቴን አቅፌ ፈገግ አልሁ። ጀሚል ተሸንፏል፤ ፊቷን ማንም አላየውም። ሻሿን፣ ከብቶቹንና የሙከራ ጊዜዋን ጆሮዬ ሰምቷቸዋል፣ ግን የእኔ ጉዳይ አልነበሩም። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሁሉንም ነገር ሰምቼ ነበር።

ሚያዝያ መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አክስቴ ፋኢዛ የትምህርት ክፍላችን በር ላይ ቆመች። ጫማዋ የግራና የቀኙ አንድ አልነበረም። ወደ ሆስፒታል ስንሮጥ "ደህና ናት፣ ወላሂ ደህና ናት" ትለኛለች፤ እየደጋገመች ስትምልልኝ ደህና እንዳልሆነች ገባኝ።

እናቴ ፊቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፤ አንድ ዓይኗና የአፏ ጥግ ብቻ ይታያል። ከአልጋው ግርጌ ጀሚል ቆሟል፤ ሸሚዙ ላይ የደረቀ ደም አለ። በእጁ ጥቁሩን ሄልሜት ይዟል። ሄልሜቱ አንድ ጭረት እንኳ የለውም።

"አላደረገችውም እንዴ?" አለች አክስቴ።

"ክንዷ ላይ ነበር" አለ ጀሚል። "አውልቃው ነበር።"

አውልቃው ነበር። ለማን ብላ? በዘጠኝ ዓመት አእምሮዬ መልሱ አንድ ብቻ ነበር። ጀሚል ላይ ዘልዬ ሆዱን በቡጢ መታሁት። "አንተ ነህ! ፊቷን ለማየት ብለህ አንተ ነህ ያስወለቅሃት!"

አክስቴ ጎተተችኝ። ጀሚል ግን አልተቆጣም፤ አልተገረመም። "አዎ ዊዳድ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ፊትሽን አሳዪያቸው ያልኋት እኔ ነኝ።" እኔ ያልሁትና እሱ የመለሰው ሁለት የተለያየ ነገር እንደነበረ ያን ቀን ሁለታችንም አላወቅንም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እናቴ ቤት ከገባች በኋላ፣ ከሐርቡ በኩል ሦስት ሽማግሎች ሊጠይቋት መጡ። አንድ ጣሳ ማር ይዘዋል። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፤ ለረጅም ጊዜ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ትልቁ፣ ሸህ መሕሙድ የሚባሉት፣ ለአክስቴ መናገር ጀመሩ። እኔ ከእናቴ እግር አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ በዚያን ቀን መደበቅ አላስፈለገኝም።

"ጥፋቱ የኛ ነው፣ ልጄ" አሉ። "እኛ አገር በቅሎ ላይ ያለ ሰው ሽማግሎች ተቀምጠው ሲያይ ይወርዳል፤ ወርዶ ሰላም ይላል። ሞተርም ያው በቅሎ ነው ብለን ያዝን። ጀሚል ይመጣ በነበረ ጊዜ ውረድ አላልነውም፤ ፊቱን እናየዋለን፣ እጁን ደረቱ ላይ አርጎ አሰላሙ አለይኩም ይለናል፣ ይበቃናል። እሷ ግን ያን ድስት የመሰለ ነገር አርጋ መጣች። ፊት የለውም፣ ድምፅ የለውም። ፊቱን ደብቆ የሚሄድን ሰው ምን ይዞ እንደመጣ በምን እናውቃለን?"

"እውነት ነው፣ እርስዎ ምን ያድርጉ" አለች አክስቴ።

"ኋላ የከብት ሐኪሟ መሆኗን ባወቅንም ጊዜ፣ ሳይወርዱ ማለፍ ምን የሚሉት ነው አልን። ስለዚህ በየደጃፉ ትቆማለች። ታወልቃለች፣ ሻሿን ትሰበስባለች፣ ሰላም ትላለች፣ መልሳ ታጠልቃለች። አንድም ቀን ሳትወርድ አላለፈችን። ያን ዕለት ከኔ ደጃፍ ተነስታ ወንድሜ ደጃፍ ልትደርስ ነው፤ ድንጋይ ብወረውር የሚደርስ መንገድ ነው። አሁን አጥልቄ አሁን ላወልቀው ብላ ይሆናል፣ ክንዷ ላይ አንጠለጠለችው። በዚያች መሀል ውሻ ገባባት።"

ሸህ መሕሙድ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እናቴ ከፋሻው ሥር "የአላህ ውሳኔ ነው፣ አባቴ፣ እርስዎ አይዘኑ" አለች።

እኔ የማሩን ጣሳ እያየሁ ነበር። ፊቷን የፈለጉት እነዚህ ናቸው። ሦስት ጥርስ የለሽ ሽማግሎች፣ ላሞቻቸውን ከአባ ጎርባ በሽታ የምታድንላቸውን ሰው ማን እንደሆነች ማወቅ ነው የፈለጉት። ሰርግ የለም። ተነስቼ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ያለውን የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ስዞር፣ ስዞር፣ አክስቴ መጥታ እስክትይዘኝ ድረስ ዞርሁ።

የእናቴ የግራ ጆሮ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ከግራ ቅንድቧ እስከ ጉንጯ የሚወርድ ጠባሳ አለ፤ አፏም ስትናገር ወደ አንድ በኩል ትንሽ ይሳባል። የሙከራ ጊዜዋ አልጋ ላይ እንዳለች አለቀ፤ ሞተሩን ሌላ ሰው ወሰደው። እሷ ቢሮ ውስጥ የክትባት መዝገብ እንድትይዝ ተደረገች፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት። በዓመቱ ጀሚል ኮምቦልቻ ላይ ሀኒ የምትባል ልጅ አገባ። ሰርጉ ላይ እናቴ ሻሿን በግራ ጉንጯ ላይ ስባ፣ በእጇ ይዛ፣ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ዋለች። ጠባሳው አሳፍሯት ነው ብዬ ነበር።

አሁን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። እኔም በየቀኑ ሐረጎን እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ከሚኒባሱ መስኮት ሞተረኛ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው አገጩን ነው፤ የተሸፈነ ከሆነ ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ። እኔ ላይ የቀረው ይህ አርፎ የማይቀመጥ ነገር ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ እናቴ ታሪኩን የምትነግርበት መንገድ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ጠባሳውን አይቶ ዓይኑን በሰበረ ቁጥር፣ እሷ ራሷ ታነሳዋለች። "ሄልሜቱን የመረጠችልኝ ይች ልጄ ናት፤ በዘጠኝ ዓመቷ! እንዳትሞችብኝ ብላ ሱቅ መሀል አለቀሰች። እኔ ነኝ ያወለቅሁት እንጂ እሷስ ልታድነኝ ነበር።" እንግዶቹ "ማሻ አላህ" ይሉኛል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ "ማሻ አላህ" ተባልሁበት።

ባለፈው ወር፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ አንዲት የሩቅ ዘመዳችን መጥታ ነበር። እናቴ ያንኑ ታሪክ ነገረቻት፤ ሴትዮዋ ሄዳ በሩ እንደተዘጋ መቆም አቃተኝ። ሲኒ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ከእናቴ አጠገብ ሄጄ ቁጭ አልሁና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወራሁት። አልጋ ሥር የሰማሁትን፣ ለይላን፣ ሜዳውን፣ ለምን እንዳለቀስሁ። ስጨርስ እናቴ ዞር ብላ አየችኝ።

"በዚህኛው በኩል ነይ" አለች። "ምንም አልሰማሁሽም።"

በግራዋ በኩል ነበር የተቀመጥሁት። ተነስቼ ዞርሁ። እንደገና ለመናገር ያለኝ ጉልበት ትንሽ ነበር፤ ግን ተናገርሁት። "እንዳትሞችብኝ ብዬ አልነበረም፣ እማ። ጀሚል የሚያገባሽ መስሎኝ ነው። ፊትሽን እንዳያየው ነበር የፈለግሁት። ጥፋቱ ያንችም የሽማግሎቹም አይደለም፣ የኔ ነው። ለካ ምስኪኑ ሰው ሞተር ብቻ ነው ያስተማረሽ።"

 ከውጭ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ።

"እሱስ እውነት ነው፣ ሞተር ብቻ ነው ያስተማረኝ" አለች በመጨረሻ። "አንድም ቀን ሌላ ቃል አልተናገረኝም።"

"አውቃለሁ፣ እማ። አሁን አውቃለሁ።"

"አታውቂም። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ዊዳድ። ስድስት ዓመት ባል የሌለኝ ሴት ነበርሁ።" ድምፅዋ አልተለወጠም፤ መዝገብ የምታነብ ትመስል ነበር። "ክፍቱን የፈለግሁት ለሽማግሎቹ ብቻ አልነበረም። ማታ ሞተሩን ቢሮ ሳስረክብ፣ ሳገኘው፣ መንገድ ላይ ስንተላለፍ እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። ምናልባት ያስበኛል ብዬ ነበር። አንች ስታለቅሽ ጊዜ አፈርሁ። ልጄ ሞቴን ትፈራለች፣ እኔ ስለ መልኬ አስባለሁ አልሁ። ዝጉን የገዛሁት ለዚያ ነው።"

 እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋቴ በሌለ ነገር መቅናቴ ነበር፤ እሱን ለመሸከም ለምጄው ነበር። ነገሩ በእናቴ ልብ እንደነበረ ግን አላሰብሁም። እጇን ልይዝ እጄን ሰደድሁ። እጇን ከጉልበቷ ላይ አንስታ ሻሿ ሥር ከተተችው።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለችኝ። "ልጅ ነበርሽ። ለአላህ ብዬ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ከልቤ ነው። ዛሬ ግን ብቻዬን ተይኝ።"

ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ፤ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ሳልቆም ሄድሁ።